ዱባይ ያዳነኝ ግሪፕ (ፖሉ ላይ እንዳልንሸራተት የምቀባው) ሚኒያፖሊስ ላይ ከዳኝ፤ ለደረቅ ቆዳ ምን ትጠቀማላችሁ?

ከዱባይ_ወደ_በረዶ

ሰላም እህቶቼና ወንድሞቼ። ፖል ዳንስ (በቆመ የብረት ምሰሶ ላይ የሚሠራውን) የምትሠሩ ሀበሾች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ፖል የጀመርኩት ዱባይ ነው። ሆቴል ውስጥ ነበር የምሠራው፤ ከሥራ ስወጣ በሳምንት ሁለት ቀን ስቱዲዮ እሄድ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አላቋረጥኩም። እዚያ ችግሬ ላብ ነበር። መዳፌ ገና ፖሉን ሳይነካ ይረጥባል። አስተማሪዬ ፈሳሽ ጠመኔ አስለመደችኝ። ጠብ አድርጌ እጄን አሻሻለሁ፣ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ ከዚያ ፖሉን ስይዘው እንደ ጉጠት ነው። አንድ ጠርሙስ አራት ወር ይቆየኝ ነበር።

ባለፈው ኦክቶበር ወንድሜ ዘንድ ሚኒያፖሊስ መጣሁ። አሁን ጃንዋሪ ነው፤ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። ቤቱም ስቱዲዮውም ቀኑን ሙሉ ማሞቂያ ይነፋበታል። አዲሱ ስቱዲዮ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ያችኑ ጠመኔዬን ተቀብቼ ፖሉ ላይ ወጣሁ። ወዲያው ተንሸራትቼ ወረድኩ። ያነሰኝ መስሎኝ ጨመርኩ። ባሰብኝ። አሁን በአንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ እቀባለሁ። መዳፌ እንደ ወረቀት ደርቋል። የአውራ ጣቴ ሥር ተሰንጥቆ ውሃ ሲነካው ያቃጥለኛል።

የባሰው ግን እግሬ ነው። ዱባይ እያለሁ ተገልብጬ በአንድ ጉልበቴ ጀርባ ተንጠልጥዬ ሁለቱንም እጄን እለቅ ነበር። እዚህ እጄን ልለቅ ስል ጉልበቴ ቀስ እያለ ሲሸሽ ይሰማኛል። ባለፈው ማክሰኞ በጭንቅላቴ ልወርድ ነበር፤ አስተማሪዋ ወገቤን ይዛ አተረፈችኝ። ከዚያ ወዲህ መገልበጥ ፈርቻለሁ። ማታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ከእጄ እየወጣ ነው።

አንዷ ልጅ አይታክ የሚባለውን ግሪፕ ግዢ አለችኝ፣ ሌላዋ ድራይ ሃንድስ፣ ሌላዋ ዲው ፖይንት። ሁሉንም ለመግዛት አቅም የለኝም። ለዚህ ወር ያለኝ 30 ዶላር ነው። የቱን ልግዛ?

ይጠቅም እንደሆነ ልጨምር፦ የፖሎቹ ውፍረት 45 ሚሊ ነው፣ ክሮም ናቸው ብለውኛል። ዱባይ የነበሩት ቢጫ ነበሩ። ቆዳዬ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ጠዋት ታጥቤ ሎሽን ሳልቀባ ከቤት አልወጣም።

—

የዴንቨር_ልጅ

አይዞሽ እህቴ። እኔም ዴንቨር የመጣሁ ሰሞን እንደዚሁ ነበርኩ። ድርቀቱ ለጉድ ነው፤ ከንፈር ሳይቀር ይሰነጥቃል። እኔን ያዳነኝ የሚያጣብቅ ግሪፕ ነው። በጣም ጠንካራ የሚባለውን ገዝተሽ ከመዳፍሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ተቀቢው፣ ንቅንቅ አትይም። ጠመኔውን ተይው። አንድ ነገር ብቻ ግዢ ካልሽኝ እሱን ነው የምልሽ።

—

አርባ_አምስት_ሚሊ

የኔ ልጅ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ዕቃ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ይሄ እስኪስተካከል ድረስ ተገልብጠሽ እጅሽን አትልቀቂ። አስተማሪሽ አጠገብሽ ቆማ ይዛሽ ካልሆነ በቀር አይሆንም። ፍራሹም ከሥርሽ ይሁን። ፍርሃትሽ ትክክለኛ ነው፤ ቆዳሽ እንዳልያዘ እየነገረሽ ነው።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው። ፖል የጀመርኩት በ38 ዓመቴ ነው፣ አሁን 47 ነኝ። ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ በሳምንት ሦስት ቀን ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። የእኛ ሰፈር ኦገስት ላይ እርጥበቱ ያፍናል፣ ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ ቆዳ ይላጣል። ስለዚህ በዱባይ ያየሽውንም በሚኒያፖሊስ ያየሽውንም እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ አየዋለሁ። የሰመርና የዊንተር ግሪፕ የምይዝበት ቦርሳ ለየብቻ ነው።

አሁን ስሚኝ። ደረቅ ቆዳ ብረት ላይ ያንሸራትታል። ውሃ የሆነ ቆዳም ያንሸራትታል። የሚይዘው መሃል ላይ ያለው ነው፤ ለስለስ ብሎ ትንሽ ወዝ ያለው። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ገንዘብ የምትቆጥረውን ልጅ አስቢያት። ጠረጴዛዋ ላይ እርጥብ ስፖንጅ አለ። ጣቷን ነካ ታደርግና ብሩን ትቆጥራለች። ጣቷ ከደረቀ ብሩ ከብሩ አይለይላትም። ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ብታወጣውም አይሆንላትም። ግሪፕ የሚባለው ነገር ሁሉ ሥራው ይሄ ነው። ከመጠን በላይ የረጠበውን ያደርቃል፣ ወይም የደረቀውን ያለሰልሳል። አንዱ ዕቃ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ፈሳሽ ጠመኔ ማግኒዚየም ካርቦኔት የሚባል ነጭ ዱቄት በአልኮል ተበጥብጦ ነው። አልኮሉ ይተናል፣ ዱቄቱ እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ላቡን ይመጥጣል። ዱባይ ላይ መዳፍሽ የሚመጠጥ ላብ ነበረው። ሚኒያፖሊስ ላይ የሚመጠጥ የለም። ሊጥ እጃችን ላይ እንዳይጣበቅ ዱቄት እንነሰንስ የለ? አንቺ እጅሽ ፖሉ ላይ እንዳይጣበቅ ዱቄት እየነሰነስሽ ነው። አልኮሉ ደግሞ በተቀባሽ ቁጥር ያለውን ትንሽ ወዝ ይዞት ይሄዳል። በጨመርሽ ቁጥር የባሰብሽ፣ ጣትሽም የተሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ሌላው ፖሉ ራሱ ነው። ቢጫ ነበር ካልሽ ወይ ነሐስ ነው፣ ወይ ታይታኒየም ጎልድ የሚሉት ነው። ሁለቱም ከክሮም የበለጠ ይይዛሉ፤ ሞቃትና እርጥበታማ አገር ላይ የሚመረጡትም ለዚህ ነው። ክሮም ለስላሳ ነው። ስለዚህ አየሩም ብረቱም በአንድ ጊዜ ተቀይረውብሻል። ችሎታሽ የትም አልሄደም።

ብርዱንም አትርሺው። ቀዝቃዛ ፖል ላይ ቆዳ አይይዝም። እኔ ዊንተር ላይ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ፖሉን በደረቅ ፎጣ አጥብቄ ወደ ላይ ወደ ታች አሻሸዋለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን ጭኔን አጣብቄ ጥቂት ጊዜ ወጣ ወረድ እላለሁ። ብረቱም ይሞቃል፣ ጭኔም ደም ይዞረዋል። ከቅዝቃዜ እንደገባሽ ወዲያው አትገልበጪ።

አሁን ወደ ሎሽኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛን ሴቶች ሳስተምር ከምንም በላይ የማየው ይሄንን ስለሆነ ነው።

እኔ ያደግኩት በቫዝሊን ነው። እናቴ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እግሬን ሳታሻሽልኝ ከደጅ አታስወጣኝም ነበር። አመድ የመሰለ እግር ይዞ ሰው ፊት መታየት ነውር ነው። ስለዚህ ታጥቦ ሳይቀቡ መውጣት ለእኛ ሳይለብሱ የመውጣት ያህል ነው። ፖል በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ ታጠብኩና ሰውነቴን ወፍራም የኮኮዋ ቅባት ተቀባሁ። እሑድ ጠዋት እንደገና ታጠብኩ። ለቋል ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ በጉልበቴ ጀርባ ተንጠልጥዬ እጄን ለቀቅኩ፣ ልክ አንቺ እንዳልሽው ጉልበቴ ሸሸ። በትከሻዬ ነው ያረፍኩት። ፍራሽ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሆንም ለስድስት ሳምንት ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሳት አልቻልኩም። እህቴ ነበረች የምትሠራልኝ።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ባለኝ ቀንና በዋዜማው ማታ ሰውነቴ ቅባት አያይም። ቆዳሽ ደረቅ ስለሆነ ደግሞ መቀባቱን ጨርሰሽ ልትተዪው አይገባም። ጊዜውን ቀይሪው። ከክፍል ወጥተሽ ታጠቢና የዚያን ጊዜ እንደልብሽ ተቀቢ። ቆዳ ከውስጥ ሲለሰልስ በሚቀጥለው ክፍል ይይዝልሻል።

ፀጉርም አለ። ፀጉርሽን ቅቤ ወይም ዘይት ከተቀባሽ ቅባቱ ማጅራትሽና ትከሻሽ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ፖሉ ይሄዳል። ሻሽ እሰሪበት። ወጥ ሠርተሽ የምትሄጂ ከሆነም እንዲሁ። ቁሌት ያቁላላ እጅ በተራ ሳሙና አይጠራም። እኔ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለቴ እታጠብና ነው የምሄደው።

ወደ 30 ዶላርሽ እንምጣ። ድራይ ሃንድስ ስሙ እንደሚለው ላብ ለሚያስቸግረው ሰው ነው። ሙቀት እስኪመጣ ይቆይ። ዲው ፖይንትና አይታክ ሁለቱም ለደረቅ ቆዳ ናቸው፣ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ዲው ፖይንት የሚረጭ ነው፤ ቆዳው ላይ ወዝ ይተውልሻል። ቀለል ያለ ነው፣ ለጉልበት ጀርባ፣ ለጭን፣ ለብብት ይሆናል። አይታክ እንደ ሰም ነው። ያጣብቃል። የአተር ፍሬ የምታህል ከበቂ በላይ ናት።

እኔ ግን አንቺን ብሆን ሁለቱንም ከመግዛቴ በፊት ፋርማሲ ገብቼ ግሊሰሪን እገዛለሁ። አዎ፣ አገር ቤት የምናውቀውን ግሊሰሪን። በባዶ የሚረጭ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እጅ ግሊሰሪን ለአምስት እጅ ውሃ በጥብጪው። ሳይበጠበጥ እንዳትቀቢው፤ ብቻውን ከሆነ ራሱ ያንሸራትታል። ጉልበትሽ ጀርባና ጭንሽ ላይ ትንሽ ትረጪና በእጅሽ ታሻሺዋለሽ፣ አንድ ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። ነካ ስታደርጊው ያዝ የሚያደርግ ነገር ሲሰማሽ ደርሷል። መዳፍሽ ላይ ግን ስንጥቁ ሳይድን ምንም አትቀቢ። ቁስል ላይ የተቀባ ነገር ሁሉ ያቃጥላል። ክፍል በሌለሽ ማታ ቫዝሊን ተቀብተሽ የጥጥ ጓንት አጥልቀሽ ተኚ።

ደረቅ መሆንሽን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሰውነትሽን ካሟሟቅሽ በኋላ አንድ ቅጠል ሶፍት መዳፍሽ ላይ ጫን አድርጊ። ከረጠበና ከተጣበቀ የላብ ቀን ነው። ምንም ሳይነካው ከወደቀ የድርቀት ቀን ነው። ጉልበትሽ ጀርባም ላይ ሞክሪው። ብዙ ሰው መዳፉ ላብ ሆኖ ጭኑ ደረቅ ነው። እንደዚያ ከሆነ ለእጅ አንድ፣ ለእግር ሌላ ትጠቀሚያለሽ ማለት ነው።

የዴንቨሯ እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ላንቺ እንደሠራልሽ አምናለሁ። ግን ጀማሪ ከራስ እስከ እግር የሚያጣብቅ ነገር እንዲቀባ አልመክርም። በማይሽከረከር ፖል ላይ ስትዞሪ እጅሽ መንሸራተት አለበት። እጁ ከተጣበቀ ሰውነትሽ ይዞራል፣ ቆዳው ግን እዚያው ይቀራል። እኔ የክንዴ መታጠፊያ እንደዚህ ተልጦ ጠባሳው አሁንም አለ። አንጓና ትከሻም ይጎዳል። ደግሞም የሚያጣብቀው ነገር ፖሉ ላይ ይቀራል፤ ከአንቺ ቀጥሎ የምትወጣው ልጅ ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም። አንዳንድ ስቱዲዮ ጨርሶ ይከለክላል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ጠይቂ፣ ከተጠቀምሽም ስትወርጂ ፖሉን በአልኮልና በጨርቅ ጥርግ አድርጊ።

—

ናታንያ_ባሕር_ዳር

እኔ ጋ ነገሩ ግልባጭ ነው፤ ላብ ያለባችሁም ስለምታነቡ ልጻፍ። የምኖረው እስራኤል ናታንያ ነው፣ ባሕሩ አጠገብ። ጁላይ ላይ ፖሉ ራሱ ያላበው ይመስላል። መዳፌ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያልብ ነው፤ ፈተና ላይ ደብተሬ ይረጥብ ነበር።

ጠመኔ ለአሥር ደቂቃ ነው የሚቆይልኝ። እውነተኛ ለውጥ ያየሁት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ከሄድኩ በኋላ ነው። አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት የላብ መከላከያ አዘዘልኝ። ማታ ስተኛ ፍጹም ደረቅ መዳፍ ላይ ይቀባል፣ ጠዋት ይታጠባል። ክፍል ልገባ ስል መቀባት ዋጋ የለውም፤ ማታ የሚደረገው የላብ ዕጢዎቹ በዚያ ሰዓት ቀዝቀዝ ስለሚሉ ነው ብሎኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሳክካል። እጅ ላይ ስንጥቅ ካለ በፍጹም አይሞከርም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ በቃኝ።

ሌላ የማንሳው ነገር አለ። የርካሽ ጌጥ ጆሮ ጉትቻ የሚያሳክካችሁ ከሆነ ኒኬል አይስማማችሁም ማለት ሊሆን ይችላል። ክሮም የተለበጠ ፖል ከሥሩ ብዙ ጊዜ ኒኬል አለበት። እኔ ጭኔ ላይ ሽፍታ እየወጣ ግሪፑ ነው ብዬ ሦስት ዓይነት ቀያየርኩ። በመጨረሻ የማይዝግ ብረት ፖል ላይ ስሠራ ሽፍታው ቆመ።

—

የሰርከስ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ወንድ ነኝ፣ ግን ፖል የእኔም እንጀራ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያደግኩት አዲስ አበባ ሰርከስ ውስጥ ነው። አገራችን ላይ ሰርከስ በ1991 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከተጀመረ ወዲህ ስንት ልጅ ከመንገድ ላይ አንስቶ ዓለም እንዳዞረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። አሁን በርሊን ነኝ።

እኛ የምንወጣበት የቻይና ፖል የሚባለው ነው። ረጅም ነው፣ ላዩ ጎማ የተለበጠ ነው። ረጅም ሱሪና ጫማ አድርገን ነው የምንወጣው፤ ጎማው ባዶ ቆዳ ያቃጥላል። የሚይዘው ጨርቁና ጎማው ነው። የእናንተ ብረት ግን ልብስ ላይ ያንሸራትታል፣ ባዶ ቆዳ ይፈልጋል። ሕንዶች ደግሞ ማላካምብ የሚባል የእንጨት ምሰሶ አላቸው፤ እነሱ ጉሎ ዘይት ይቀቡታል፣ ቆዳቸው እንዳይላጥ። ሦስቱም ምሰሶ ነው፣ የሚቀባው ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ይሄን የምነግራችሁ እኔ ራሴ ስላጠፋሁ ነው። በርሊን መጀመሪያ የብረት ፖል ስቱዲዮ ስሄድ የለመድኩትን የጥድ ሙጫ ዱቄት ይዤ ሄድኩ። ማሲንቆ የሚመታ ሰው የደጋኑን ጭራ በሙጫ እንደሚያሸው እኛም መዳፋችንን እናሽ ነበር። ያዘልኝ። ግን ፖሉ ላይ ተጋግሮ ቀረ። አስተማሪው ምንም አልተናገረም፤ ጨርቅና አልኮል ሰጠኝና አንድ ሰዓት ሙሉ አብሮኝ ጠረገ። በጣም አፈርኩ። ሙጫ ቆዳቸው የማይቀበለው ሰዎችም አሉ፤ አንድ ጓደኛዬ እጁ ሙሉ ተላጠ። ለብረት ፖል ሙጫ አትጠቀሙ።

እህቴ ከዱባይ፣ ስለ ጉልበትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ቆዳ በሚያንስበት ቀን አጥንትና ጡንቻ መሥራት አለባቸው። ተረከዝሽን ወደ መቀመጫሽ አጥብቀሽ ሳቢ፣ ጉልበትሽ ሙሉ በሙሉ ይታጠፍ። ዳሌሽ ከፖሉ አይራቅ፤ ሲርቅ ክብደትሽ ጉልበቱን ይከፍተዋል። ነፃ የሆነው እግርሽ ወደ ታች ወርዶ ሚዛን ይጠብቅልሽ። ይሄን መጀመሪያ ዝቅ ብለሽ፣ እጅሽ ወለል በሚደርስበት ከፍታ ሞክሪው።

—

ከዱባይ_ወደ_በረዶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ አርባ አምስት፣ ታላቄ መሆንዎን ሳላውቅ ነው እንዲያ በደፈናው የጻፍኩት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሎሽኑን ሳነብ ደነገጥኩ። ያቺ ማክሰኞ ጠዋት ሺአ በተር ተቀብቼ ነበር። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ነው ክፍሉ። ማንም እንደዚህ አስረድቶኝ አያውቅም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ግሊሰሪኑን ለመዳፌም ልጠቀመው? ስንጥቁ ሲድን ማለቴ ነው።

—

አርባ_አምስት_ሚሊ

አንቺ በይኝ የኔ ልጅ፣ ፖል ላይ ሁላችንም እኩል ነን።

ለመዳፍ ከእግሩ ያነሰ። መዳፍ የቅባት ዕጢ የለውም፣ ስለዚህ ወዙን ሁሉ የሚያገኘው ከላብ ነው። ስታሟሟቂ ደግሞ በራሱ ማላብ ይጀምራል። ደርቀሽ ገብተሽ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እጅሽ የተሻለ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በደንብ አሟሙቂ፣ በሶፍቱ እዪው። አሁንም ደረቅ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ነካ አድርጊና ጠረግ አድርጊው። ያ ካልበቃ ነው አንድ ጠብታ የተበጠበጠ ግሊሰሪን የምትሞክሪው፣ ያውም መሬት ቆመሽ። አዲስ ነገር ስትቀቢ የመጀመሪያውን ሙከራ ከወለል ሳትነሺ አድርጊ። እጅሽን ፖሉ ላይ አንጠልጥዪው፣ ክብደትሽን ቀስ በቀስ ስጪው። ከያዘ አንድ ጊዜ ውጪ፣ ውረጂ። ከዚያ ነው መገልበጥ።

የሰርከሱ ወንድሜ ስለ ዳሌው ያለውን ጽፈሽ ያዢው። እኔ አምስት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ አጥርቼ ተናግሬው አላውቅም።

—

ከዱባይ_ወደ_በረዶ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ።

ጠመኔውን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ ለሰመር። ግሊሰሪኑና የሚረጭ ጠርሙሱ ሁለቱ አንድ ላይ ከ10 ዶላር በታች ወጡ። መዳፌ በአሥር ቀን ዳነ። ማታ ማታ ጓንት አድርጌ ስተኛ ወንድሜ ምን ሆነሽ ነው አለኝ፣ አስረዳሁት፣ እሱም ለተሰነጠቀ ተረከዙ ካልሲ አድርጎ ጀመረ። ሎሽኑን ከክፍል በኋላ አደረግኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ደረቅ እግር ይዤ መውጣት ከበደኝ፣ ግን በዚህ ብርድ ማንም አያየውም፤ ሁሉም ሰው ሦስት ሱሪ ለብሷል።

ሶፍቱን ሞከርኩት። መዳፌ ሲሟሟቅ ትንሽ ይረጥባል፣ ጉልበቴ ጀርባ ግን ምንም። ስለዚህ እጄን ሳልቀባ፣ እግሬን ብቻ እየረጨሁ መሥራት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አብዝቼ ረጨሁና ወደ ታች ሸርተት አልኩ። በሚቀጥለው ቀነስኩት፣ በደንብ አሸሁት፣ ጠበቅኩ። ያዘ! ነካ ሳደርገው የሚሰማውን ነገር አሁን አውቀዋለሁ።

ትናንት ማታ አስተማሪዬ አጠገቤ ቆማ፣ ዝቅ ብለን፣ ዳሌዬን አስጠግቼ ተረከዜን ስቤ ተንጠለጠልኩ። አንድ እጄን ለቀቅኩ። ጉልበቴ አልተነቃነቀም። ከዚያ ሁለተኛውን። አምስት ድረስ ቆጠርን። ወርጄ አቀፍኳት።

ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ቦርሳዬን መኪና ውስጥ ትቼው አደርኩ። ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በረዶ ሆኗል። ሲቀልጥ ያው ነው ወይስ ልጣለው?

—

አርባ_አምስት_ሚሊ

እልልል! በጣም ደስ ብሎኛል።

ቀልጦ ከተመለሰ በደንብ ናጪውና አንድ ጊዜ ክንድሽ ላይ ሞክሪው። እኔ ግን ውሃና ግሊሰሪን ሳንቲም ስለሆነ አፍስሼ አዲስ እበጠብጣለሁ። ደግሞም ውሃ ያለበት ነገር ብዙ አይቆይም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሥሪ፣ ጠርሙሱን እጠቢ። ወደ ክፍል ስትሄጂ ጠርሙሱን ከቦርሳ አውጥተሽ ኮትሽ ውስጥ፣ ከሰውነትሽ አስጠግተሽ ያዢው። ቀዝቃዛ ነገር ጉልበትሽ ላይ ከረጨሽ ያሟሟቅሽውን ቆዳ መልሶ ያበርደዋል።